ሊማሊሞ ላይ የቆመው ሞተር

ሥራ በጀመርኩበት ቀን የመፍቻ ሳጥኔን ይዤ ነው የሄድኩት። ከዳባት በማለዳ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ ሳጥኑን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ ደባርቅ እስክንደርስ ድረስ ስከፍተውና ስዘጋው አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ «አንተ ልጅ፣ ምን ሰርቀህ ነው እንዲህ የምትቁነጠነጠው?» አሉኝ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የካንዴላ መፍቻ፣ ሁሉም በቦታው ነበር። የዚያኑ ዕለት አንድ ሞተር ብሎን በብሎን ፈታትቼ የምገጥም መስሎኝ ነበር።

አለቃዬ ጋሽ ይርጋ የመሥሪያ ቤቱ ዋና መካኒክ ነበሩ። ሳጥኔን አየት አድርገው አለፉት። አንድ የተቀደደ ካኔተራ፣ አንድ ያለቀ የጥርስ ብሩሽና ጫፉ የተጠረበ እንጨት አምጥተው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

«በል ቁጭ በል» አሉኝ።

«ምን ልሥራ ጋሼ?»

«ሞተሮቹ እስኪመጡ ጠብቅ። ከመጡ በኋላ ደግሞ እስኪበርዱ ጠብቅ። ሥራው ከዚያ በኋላ ነው።»

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር። እኔ አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ። ባለቤቴ እናኑ «መቀመጫህ ላይ እሾህ አለ እንዴ?» ስትለኝ ኖራለች፤ እውነቷን ነው። ያገኘሁት ሥራ ደግሞ ከሞላ ጎደል መጠበቅ ነው። በዚያ ግቢ ውስጥ ያረጀሁት እየተቁነጠነጥኩ ነው።

መሥሪያ ቤታችን ከብት፣ በግና ፍየል ይከትብ ነበር፤ ስሙን ባልጠራው ይሻላል። ክትባት ሰጪዎቹ ጠዋት ጠዋት መድኃኒቱን በበረዶ ሳጥን አድርገው፣ ሞተር ላይ አስረው ወደየቀበሌው ይበተናሉ። አንዱ ወደ ዳባት በኩል ይሄዳል፣ አንዱ ወደ ተራራው ይወጣል፣ አንዱ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወደ ቆላው ይወርዳል። ማታ ሲመለሱ የቱ ጋ ብረት እንደሆነ፣ የቱ ጋ ጭቃ እንደሆነ አይለይም። የእኔ ሥራ የሚጀምረው ያኔ ነው።

የምጽፈው ለወጣት መካኒኮች ስለሆነ አሠራሩን በወጉ ልናገር። ከጉዞ የገባ ሞተር ላይ ወዲያው ውሃ አይደፋም። የጋለ ብረት ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ካረፈበት ሊሰነጠቅ ይችላል፤ የደባርቅ ውሃ ደግሞ ከበረዶ ብዙም አይለይም። እጃችሁን ወደ ማርሚታው፣ ማለትም ወደ ጭስ ማውጫው፣ አስጠጉ፤ ካልፈጃችሁ ጊዜው ደርሷል። መጀመሪያ የማርሚታው አፍ በጨርቅ ይወተፋል፤ ያ የተቀደደ ካኔተራ ለዚህ ነበር። ቀጥሎ የነዳጅ ታንኩ ክዳን መቆለፉ በእጅ ተነካክቶ ይረጋገጣል። ከጭቃ መከላከያው ሥር የተጋገረው ጭቃ በእንጨቱ ይነሳል፤ በብረት አይነካም። ውሃው ከላይ ወደ ታች ቀስ ብሎ ይፈሳል እንጂ የጎማው ኩሽኔታ ላይ አይተኮስም፤ ግራሶውን አጥቦ ይወስደዋል።

ከታጠበ በኋላ ሁሉም የሚረሳው ፍሬኑን ነው። አዲስ የታጠበ ሞተር ፍሬኑ ውስጥ ውሃ ይይዛል፤ በዚያ ሁኔታ ቁልቁለት ከወረዳችሁበት ፍሬን የላችሁም ማለት ነው። ስለዚህ ግቢውን እየዞርኩ፣ ፍሬኑን በስሱ ረገጥ እያደረግሁ አደርቀዋለሁ። ከሥራው ሁሉ ይህን እወደው ነበር፤ ቢያንስ መንቀሳቀስ አለበት። ሰንሰለቱ በላምባና በብሩሽ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ዘይት ይጠጣል። ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው የካርቡራተሩ ዝቃጭ ከታች ባለችው ብሎን በኩል ይወርዳል። በመጨረሻም ታንኩ ይሞላል፤ ጎደሎ ታንክ በብርድ ሌሊት ውስጡ ያልበዋል፣ ላቡም ውሃ ነው። ከዚያ በሸራ ይሸፈናል። ላስቲክ እርጥበቱን አፍኖ ስለሚያሳድር ጋሽ ይርጋ ላስቲክ ግቢ ውስጥ ማየት አይወዱም ነበር።

ጋሽ ይርጋ ተቆጥተውኝ አያውቁም። አንድ ነገር ዘልዬ ሲያገኙኝ ሁሉንም ከመጀመሪያው ያስጀምሩኛል፤ አንዳንድ ቀን አንዱን ሞተር ደጋግሜ አጥቤዋለሁ። ከቁጣ የባሰ ቅጣት ነበር። ጡረታ ሲወጡ ቦታቸውን ያዝኩ፤ ችኮላዬ ግን አብሮኝ ቀረ።

አመሻሽ ላይ በር ላይ እቆማለሁ። እያንዳንዱን ሞተር በድምፁ አውቀዋለሁ። አንዱ የላላ የጭቃ መከላከያውን እያንኳኳ ይመጣል፣ አንዱ ማርሽ ሲቀይር ያጓራል። የመጨረሻው እስኪገባ ድረስ ምግብ አይወርድልኝም። እናኑ ራት አቅርባ ትጠብቀኝና ተስፋ ስትቆርጥ ከድና ታስቀምጠዋለች።

በሩ ላይ አብረውኝ የሚቆሙት የግቢው ዘበኛ አያ ተገኘ ናቸው። ከዳባት በላይ ካለ ገጠር የመጡ አራሽ ነበሩ፤ ወገባቸውን ሲያማቸው እርሻውን ለልጃቸው ትተው ዘበኛ ሆኑ። ሁልጊዜ ዳዊታቸው ከካፖርታቸው ኪስ አይለይም። ሞተር ለእሳቸው ከብት ነው። ለእያንዳንዱ እንደ በሬ ስም አውጥተውለታል፤ ቀዩ «ቦራ»፣ ጥቁሩ «ጉራቻ»፣ ግራጫው «ዳልቻ» ነበር። ማታ ላይ «ቦራ ገባ?»፣ «ጉራቻ ጠጣ?» ይሉኛል። ጠጣ የሚሉት ቤንዚኑን ነው። እኔም ለምጄው «ጠጥቷል አያ» እላቸዋለሁ።

ትርንጎ የመጣችው አለቃ ከሆንኩ በኋላ ነው። የአምባ ጊዮርጊስ ልጅ ናት፤ የእንስሳት ጤና ተምራ፣ ሞተር መንዳት ከወንድሟ ለምዳ መጣች። በመሥሪያ ቤታችን ሞተር የያዘች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ነበረች። ወንዶቹ «ሞተሩ ነው የሚነዳት» እያሉ ይሳሳቁባት ነበር። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ አድማሱ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ነገር ግን ከበላይ የሚመጣ ወቀሳ እንቅልፍ የሚነሳቸው ሰው ነበሩ።

«ለሙከራ ነው» አሏት እኔው ፊት። «አንድ ነገር ካጋጠመ ሞተሩን ለሌላ ሰጥቼ አንቺን ቢሮ አስገባሻለሁ።»

«ቢሮ ውስጥ ከብት የለማ ጌታዬ» አለቻቸው።

ማንም የማይፈልገውን የቆላውን መንገድ ሰጧት፤ ከሞተሮቹም ዳልቻን። እሷም ዳልቻም ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ሊማሊሞን ይወርዳሉ፣ በየማታው ይወጣሉ። ገደሉን ያየ ያውቀዋል። በክረምት ጉሙ መንገዱን ሲውጠው ከባድ መኪና አፍንጫችሁ ላይ እስኪደርስ አይታይም። አያ ተገኘ ጠዋት በሩን ሲከፍቱላት የሚሏት አይለወጥም።

«እመብርሃን ትከተልሽ። ገደሉን አትይው፣ መንገዱን እይ።»

«እሺ አያ፣ አንቱ ብቻ አይስጉ።»

በሩን ከዘጉ በኋላ ግን ድምፁ እስኪጠፋ እዚያው ቆመው ያዳምጣሉ። እኔም አዳምጣለሁ። ለሌሎቹ እንዲህ አንሆንም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር።

ነገሩ የሆነው ቤንዚን በጠፋበት ክረምት ነበር። ማደያው ደጅ ባጃጆች ተሰልፈው ያድራሉ። በየሰፈሩ በላስቲክ ጠርሙስ ይሸጣል፤ ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው። መሥሪያ ቤቱ በርሜል ውስጥ የቀረውን እያብቃቃ ስለሚሰጥ ታንክ ሞልቶ ማሳደር ቀረ። ለዳልቻ የሚደርሰው ግማሽ ታንክ ነው። ግማሹ ቆላ ደርሶ ይመልሳል፤ ሊማሊሞ አቀበት ላይ ሲደርስ ግን ሪዘርቭ ይነካል።

ሪዘርቭ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልግለጸው። ታንኩ ውስጥ ቤንዚን የሚቀዳው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ከፍ ብሎ ይቀዳል፤ እሱ ሲያልቅ መክፈቻውን ታዞሩና ከታንኩ ወለል ይቀዳል። ያ የወለሉ ሪዘርቭ ይባላል። እኔ ጠዋት ሞተር ስሰጥ በላይኛው አስነስቼ ነበር የምሰጠው። ሁሉም መካኒክ እንዲህ ነው የሚያደርገው።

በዚያ ዓመት ጳጉሜ ሦስት፣ የሩፋኤል ዕለት፣ እሑድ ዋለ። ርኅወተ ሰማይ ነው፤ ሰማይ የሚከፈትበት ቀን። ከቀትር በኋላ ዝናቡ ወረደ። የሰፈሩ ልጆች ልብሳቸውን እየጣሉ «ሩፋኤል አሳድገኝ» እያሉ ወጡ። እናኑ ሳፋና ባልዲውን ሁሉ ደጅ ደረደረች፤ ከውሃው ለሊጥ፣ ለመጠጥ፣ ለቤት መርጫ ታስቀምጣለች። እኔ በመስኮት አየሁና ስለ ሞተሮቹ አሰብኩ። መጠለያው ሥር ናቸው፣ ክዳናቸው ተቆልፏል፣ ሸራ ለብሰዋል። ደስ አለኝ። ለአንድ ከሰዓት በኋላ እንኳ ዐረፍኩ።

ሰኞ ጠዋት የዳልቻን ሸራ ሳነሳ የመቀመጫው ስፌት እርጥብ ነው። ቀና ብዬ ቆርቆሮውን አየሁ፤ የሚያፈስ ቀዳዳ አላገኘሁም። ቆሜ እንዳልመረምር ትርንጎ ሄልሜቷን አጥልቃ ትጠብቀኛለች።

«ዛሬ ቶሎ ነው የምመለሰው ጋሽ ሞላ» አለችኝ። «ከነገ ወዲያ አዲስ ዓመት ነው፤ አምባ ጊዮርጊስ መግባት አለብኝ።»

በአንድ እርግጫ ተነሳ። አያ ተገኘ በሩን ከፈቱ። የዚያን ቀን ምርቃታቸው ከወትሮው ረዘመ፤ ፊታቸውም ፈካ ብሎ ነበር። ለበዓሉ ነው ብዬ አለፍኩት።

አመሻሽ ላይ ቦራ ገባ። ጉራቻም ገባ። ዳልቻ ግን የለም። የትርንጎን ስልክ ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ከክልል ውጪ ነው ይላል። በሩ ላይ ቆምኩ፣ ወደ ውስጥ ገባሁ፣ የታጠበ ሞተር እንደገና ወለወልኩ፣ ተመልሼ ወጣሁ። አያ ተገኘ መቁጠሪያቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፣ ይነሳሉ። ለካ እሳቸውም እንደኔው ኖረዋል።

«ዳልቻ አልገባችም?»

«አልገባችም አያ።»

«ዛሬስ ክፉ አይነካትም። ዛሬ እንኳ አይነካትም» አሉ። ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አልገባኝም።

አልቻልኩም። ሳጥኔን ቦራ ላይ አስሬ ወጣሁ። ከተማውን አልፌ ቁልቁለቱን ስጀምር ጉም ተቀበለኝ። በየመታጠፊያው ጡሩንባ እየነፋሁ ወረድኩ። በየገደሉ ጠርዝ የተሰበረ ግንብ ባየሁ ቁጥር ቆሜ ቁልቁል አዳምጣለሁ። አንድ መታጠፊያ ላይ የተቆረጠ ቅጠል መንገዱ ላይ ተበትኖ አየሁ፤ የቆመ ተሽከርካሪ አለ ማለት ነው። ከቅጠሉ ትንሽ አለፍ ብሎ ትርንጎ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የበረዶ ሳጥኑን አቅፋለች። ዳልቻ ከጎኗ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ተደርጎለት ቆሟል።

ደህና መሆኗን ሳይ ቦራን ጥግ አስይዤ አቆምኩ። ከዚያ ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም።

«ምን ሆነ?»

«እስከ እዚህ ድረስ ምንም አላለም» አለችኝ። «ወደ ሪዘርቭ አዞርኩት፣ ትንሽ ሄደና ተንተፋትፎ ቆመ። ልገፋው ስሞክር አይሱዙ ከጉሙ ወጥቶ ለጥቂት ነው የሳተኝ። ካንዴላውን ፈትቼ አደረቅሁት፤ እምቢ አለ።»

የፔርሙዟን ክዳን ተቀብዬ ከካርቡራተሩ ሥር ያለችውን ብሎን ፈታሁ። የወረደውን በእጅ ባትሪ አየነው። ላይ ቢጫ ቤንዚን፣ ታች ኩልል ያለ ውሃ። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ተኝቶ ውሏል፤ ሪዘርቩን ስትከፍት የመጣላት እሱ ነው።

«ቤንዚን ከመንገድ ገዛሽ እንዴ?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «እርስዎም ይጠረጥሩኛል ጋሽ ሞላ?»

የታንኩን ዝቃጭ ጠርሙስ ውስጥ አወረድኩ፤ አንድ ስኒ የሚሆን ውሃ ወጣ፣ ከዚያ ንጹህ ቤንዚን መጣ። ካርቡራተሩን አጥቤ ገጠምኩ። ዳልቻ አጓርቶ ተነሳ። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን አቀበቱን ወጣን። ግቢ ስንገባ አያ ተገኘ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ነበር።

በማግስቱ ወሬው ከእኛ ቀድሞ ቢሮ ደርሷል። ቤንዚን በጠፋበት ጊዜ ታንክ ውስጥ ውሃ ተገኘ ሲባል ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ ቤንዚኑን ሸጠው ውሃ ሞሉበት። ጠዋት በር ላይ ለአያ ተገኘ ነገርኳቸው።

«ትርንጎን በሌብነት ጠርጥረዋታል አያ። እኔንም።»

«በምን?»

«ታንኩ ውስጥ ውሃ ተገኘ።»

መቁጠሪያው ከእጃቸው ወደቀ። ጎንበስ ብለው አነሱትና ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። አዘኑልን ብዬ ወደ ስብሰባው ገባሁ።

አቶ አድማሱ ከሊማሊሞ ያመጣሁትን የዝቃጭ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ አቁመውታል። ቦራንና ጉራቻን የሚነዱት ልጆችም ተጠርተዋል። ወንበር ተሰጠኝ፤ መቀመጥ አልቻልኩም።

«ታንኩን የሚነኩት ሁለት ሰዎች ናቸው» አሉ አቶ አድማሱ። «ሞላ አንተና እሷ።»

«ቅዳሜ ዝቃጩን አውርጃለሁ፤ ንጹህ ነበር። ክዳኑን ራሴ ቆልፌያለሁ» አልኩ።

«እንግዲያው እሷ ናት።»

«እኔ ክዳኑን አልነካሁም» አለች ትርንጎ። እንባዋ ዓይኗ ውስጥ ሞልቷል፤ አላፈሰሰችውም። «ክትባቱን ሰጥቼ ነው የመጣሁት። ቀበሌውን መጠየቅ ይቻላል።»

«እኔ የጠየቅሁት ስለ ክትባቱ አይደለም፤ ስለ ውሃው ነው። ከበዓሉ በኋላ ጉዳዩ ለዲሲፕሊን ይቀርባል። እስከዚያ ሞተሩን ታስረክቢያለሽ።» ጠረጴዛውን በእጃቸው መታ አደረጉ። «መቼም ይህ ውሃ ከሰማይ አልወረደም!»

በሩ ተከፈተ። አያ ተገኘ ናቸው፤ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ይዘዋል። ሳይጠሩ እዚያ ቢሮ ገብተው አያውቁም።

«ከሰማይ ነው የወረደው ጌታዬ» አሉ።

ሁላችንም ዞርን።

«እሑድ ለት፣ በሩፋኤል፣ ሰው ሁሉ ልጁን ዝናቡ ላይ ያወጣ የለ? እኔም ዳልቻን አወጣኋት። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው የሚያድር። ከላይ ከላይዋን ብቻ ታጥባ ምን ይጠቅማታል፣ ሆዷም ይግባላት ብዬ አፏን ከፈትሁላት። ዝናቡ ሲያባራ ዘግቼ፣ አድርቄ አስገባኋት።»

አቶ አድማሱ ከወንበራቸው ተነሱ። «አያ ተገኘ፣ ቤንዚንና ውሃ አይስማሙም እኮ!»

«ጠበል የማይስማማው ነገር አለ አልሁም ነበር። አሁን ዐወቅሁ።»

«ሌሎቹንስ? የሌሎቹንም ከፈቱ?» ብሎ የቦራ ነጂ ደንግጦ ተነሳ።

«ለእናንተስ አልከፈትሁም» አሉት። «እናንተ ያን ገደል አትወርዱ። የምትወርደው እሷ ናት። ስትወጣም ስትገባም በር ላይ ቆሜ ሳዳምጥ ከረምሁ፤ እንግዲህ ምን ላድርግላት? እኔ መፍቻ አላውቅ።» ባርኔጣቸውን በእጃቸው ጨመቁት። «እኔን አባርሩ። ልጅቱን ተዉልኝ።»

ትርንጎ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች። እኔ ሳቅም እንባም አንድ ላይ መጣብኝና ወደ መስኮቱ ዞርኩ። እኔ በየማታው ዳልቻን አጥባለሁ፣ አደርቃለሁ፣ ዘይት አጠጣለሁ፤ እሳቸውም የሚያውቁትን ነው ያደረጉላት። የእሳቸው ሥራ ግን ልጅቱን ገደል አፋፍ ላይ ጥሏት ነበር። ይህን ሁለቱን አንድ ላይ ማሰብ እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

አቶ አድማሱ ጠርሙሱን ከጠረጴዛው አንስተው መሬት አስቀመጡት። «ቁልፉ ከዛሬ ጀምሮ ሞላ ዘንድ ይደር» አሉ። «ሂዱ ወደ ሥራችሁ። አንቺም ሥራሽን ቀጥዪ።» ይቅርታ አልጠየቋትም። ያ እስካሁን ያንገበግበኛል።

አያ ተገኘ በሩ ጋ ቆመው ትርንጎን ቀና ብለው ማየት አቃታቸው።

«አያ፣ ለእኔ ብቻ?» አለቻቸው።

«ለአንቺ ብቻ ልጄ። አይሱዙው ሊገድልሽ ነበር አሉኝ። እኔ ነበርኩ የምገድልሽ።»

ዝቅ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። ሲያነሷት «ሁለተኛ ግን አፏን አይክፈቱብኝ» አለቻቸው፤ ከሰኞ ጠዋት ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። በዚያው ከሰዓት ሚኒባስ ይዛ አምባ ጊዮርጊስ ገባች።

ከበዓል መልስ አንድ ነገር ለወጥኩ። ጠዋት ማንኛውንም ሞተር ከመስጠቴ በፊት መክፈቻውን ወደ ሪዘርቭ አዙሬ አስነሳለሁ፤ በዚያው አስሮጣለሁ፣ ግቢውን እዞራለሁ፣ ከዚያ ወደ ላይኛው መልሼ አስረክባለሁ። ነጂዎቹ ዘገየን እያሉ ያጉረመርማሉ። እኔም ከእነሱ በላይ እቸኩላለሁ፤ ግን አደርገዋለሁ።

በዓመቱ ሩፋኤል ሲደርስ ከቀትር በፊት ግቢ ገባሁ። ክዳኖቹን ቆልፌ ቁልፎቹን ኪሴ ከተትኩ፤ የማርሚታዎቹን አፍ በጨርቅ ወተፍኩ። ደመናው ሲጠቁር አያ ተገኘን ጠራኋቸው።

«ኑ፣ አብረን እናውጣቸው።»

መጀመሪያ አላመኑኝም። ከዚያ ዳልቻን ራሳቸው እየገፉ አወጡ። ዝናቡ ሲወርድ ሁለታችን ቆርቆሮው ሥር ቆመን አየን።

«ቦራንም? ጉራቻንም?» አሉኝ።

«ሁሉንም አያ። ዘንድሮ ሁሉንም።»

ዝናቡ ሲያባራ ሸራ ከማልበሴ በፊት የሦስቱንም ፍሬን ግቢውን እየዞርኩ አደረቅሁ። አያ ተገኘ በሩ ላይ ቆመው «ዘንድሮስ ልቤ ዐረፈ» አሉኝ። የእኔ አላረፈም፤ ማግስቱን በሪዘርቭ አስነስቼ ካየሁ በኋላ ነው ያረፈው።

አሁን ጡረታ ወጥቼ ዳባት ነው የምኖረው፤ ቤቴ አስፋልቱ ዳር ነው። አያ ተገኘ አርፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር። ትርንጎ አሁንም ቆላውን ይዛለች፤ አዲስ ሞተር ቢሰጧትም ስሙን ዳልቻ ብላዋለች። አመሻሽ ላይ ሞተር ሲያልፍ አሁንም ከወንበሬ እነሳለሁ፤ እናኑም አሁንም ራቱን ትከድነዋለች።

በእኔ ቦታ ለምትሠሩ የምለው አጭር ነው። ሞተር የሚታጠበው ከውጭ ነው፤ ክዳኑን ቆልፉ። ጠዋት ለሰው ከመስጠታችሁ በፊት በሪዘርቭ አስነሱት። ያለ ቦታው እርጥብ ነገር ካያችሁ ቆርቆሮውን ቀና ብላችሁ አትዩ፤ ዘበኛውን ጠይቁት።